ፈረንሳይኛን ለስድስት ሰው ስለማከፋፈል የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው

ቦታ፦ የሰብሳቢው ቤት ሳሎን፣ የስፌት መኪናው ባለበት በኩል

የተጀመረበት ሰዓት፦ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ፣ ክላክስ ምሳውን እስኪጨርስ ተጠብቆ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ

የተገኙ አባላት፦

ሰብሳቢ፦ የቤቱ አባወራ። የሆስፒታል መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ የወጣው መጋዘኑ እንጂ እሳቸው አይደሉም።

እትዬ፦ የሰብሳቢው ባለቤት፣ ልብስ ሰፊ። የዛሬው ስብሰባ የተጠራው በእሳቸው ጦስ ነው ተብሏል።

ክላክስ፦ የሰብሳቢው ታናሽ ወንድም፣ የታክሲ ሾፌር። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከመኪናው ሳይሆን ከድምፁ ነው።

ነርሷ፦ የሰብሳቢውና የእትዬ ሴት ልጅ። ከሥራ እንደወጣች ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ተገኝታለች።

መምህሩ፦ የነርሷ ባል፣ የሒሳብ አስተማሪ።

ጸሐፊ፦ የእትዬ ታናሽ እህት። በውኃ መሥሪያ ቤት ዕድሜ ልኳን ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ ኖራ፣ ጡረታ ወጥቼ አረፍኩ ስትል ለቤተሰቡ የተሾመች። ሹመቱን አልጠየቀችም። ጉባኤ ከተዘጋ በኋላ የተነገረ ነገር ጽፋ አታውቅም፤ በዚህም ትታወቃለች።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ስድስቱም አባላት ስለተገኙ ተሟልቷል። ክላክስ ከምሳ በኋላ ዓይኑ እየተከደነ ስለሆነ ይቆጠራል ወይ የሚል ጥያቄ ከመምህሩ ቀርቦ ነበር። ሰብሳቢው በመጋዘን ሕግ የተኛ ዕቃም ዕቃ ስለሆነ ይቆጠራል ሲሉ ወስነዋል።

የመክፈቻ ንግግር

ሰብሳቢው ጉባኤውን ሲከፍቱ የጉዞውን ዓላማ አስታውሰዋል። ታላቁ ወንድ ልጃቸው ፈረንሳይኛ የሚነገርበት አገር ሄዶ፣ እዚያው ሥራ ይዞ፣ እዚያው አግብቶ፣ አንዲት ሴት ልጅ ወልዷል። ልጅቷ አምስት ዓመት ሞልቷታል፤ ቤተሰቡ ግን እስካሁን ያያት በስልክ ብቻ ነው። አሁን ስድስቱም አባላት ሊያይዋት ሊሄዱ ነው። ልጅቷ፣ እናቷና የእናቷ ወላጆች ከፈረንሳይኛ በቀር ሌላ አይሰሙም። ስለዚህ በሦስት ሳምንት ውስጥ ፈረንሳይኛ የግድ መታወቅ አለበት። ሰብሳቢው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ተናግረውታል፤ ጸሐፊዋ አንዱን ትታዋለች።

እትዬ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋል። ሰብሳቢው ተረትና ምሳሌ በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር የሚታይ መሆኑን ገልጸው ወደ አጀንዳው አልፈዋል።

አጀንዳ አንድ፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ስለማጽደቅ

ያለፈው ስብሰባ በአውሮፕላኑ ውስጥ መስኮት ሥር ማን ይቀመጥ በሚል ጉዳይ የተጠራ ሲሆን፣ ሰብሳቢው እንዲቀመጡ በሰብሳቢው ሐሳብ አቅራቢነት መወሰኑ ይታወሳል። ክላክስ «እኔ ሾፌር ነኝ፤ መንገድ ካላየሁ ያዞረኛል» ብሎ ያቀረበው አቤቱታ በቃለ ጉባኤው አልገባም ሲል ቅር መሰኘቱን ተናግሯል። ጸሐፊዋ መግባቱን፣ የፈለገ ገልጦ ማየት እንደሚችል አስታውቃለች። ለመግለጥ የተነሣ አልነበረም። ጸድቋል።

አጀንዳ ሁለት፦ «ዊ» የተባለውን ቃል በተመለከተ

ሰብሳቢው ጉዳዩን እንደሚከተለው አቅርበዋል። ልጅቷ በየሳምንቱ ስትደውል ስልኩን ይዛ አልጋዋ ሥር ትገባለች። እዚያ ሆና ለአያቷ ብቻ ሹክ ትላለች። እትዬም ምንም ሳይገባቸው ለሁሉም ነገር «ዊ» እያሉ ይመልሳሉ። ነርሷ «ዊ» ማለት «አዎ» ማለት መሆኑን ለጉባኤው አረጋግጣለች። ባለፈው ሳምንት ልጅቷ አንድ ነገር አስረዝማ ጠይቃ፣ «ዊ» ስትባል ከአልጋው ሥር ወጥታ ጮቤ ስትረግጥ በስልኩ ታይታለች። እንግዲህ እትዬ አንድ ቃል ገብተውላታል ማለት ነው። ምን ቃል እንደገቡ እሳቸውም አያውቁም።

ነርሷ ወንድሟን ደውላ ጠይቃው እንደነበር አስረድታለች። ወንድሟም ልጅቷ የእኔና የአያቴ ምስጢር ነው ብላ ለእሱም እንዳልነገረችው፣ እሱም በሁለት ሴቶች መሐል እንደማይገባ እየሳቀ ነግሯታል። የስልክ አስተርጓሚም ተሞክሮ ነበር። የሕፃን ሹክሹክታ ግን አይሰማም።

የተገባው ቃል ምን ሊሆን እንደሚችል ውይይት ተደርጓል። ክላክስ ነቅቶ ውሻ ነው ብሏል፤ ልጅ ሁሉ የሚለምነው ውሻ ነውና። መምህሩ ውሻ በአውሮፕላን መውሰድ ያለውን ጣጣ በዝርዝር አስረዳ። ሰብሳቢው ውሻው በጉዞ ላይ ምን እንደሚበላ ጠየቁ። ነርሷ የውሻ ክትባት ነገር እንዳይረሳ አሳሰበች። ስለ ውሻ ያነሣ ሰው ክላክስ ብቻ መሆኑን ጸሐፊዋ እስክታስታውስ ድረስ፣ ውሻው የሰዉን ጊዜ በልቶታል።

ሰብሳቢው ይህ ነገር በመጋዘን ቋንቋ ያላዩት ዕቃ ላይ መፈረም እንደሚባል ጠቅሰው፣ እሳቸው በነበሩበት ዘመን እንዲህ ያደረገ ሠራተኛ በዚያው ቀን ወደ ሌላ ክፍል ይዛወር እንደነበር ተናግረዋል። ክላክስም «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ሲል ደግፏቸዋል። ይህ ተረት ስለነበር ሰብሳቢው እንደገና አሳስበዋል።

እትዬ መልስ እንዲሰጡ ተጠየቁ። የሚሰፉትን ቀሚስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ምን ልበላት? ዝም ስል ስልኩ የተቋረጠ ይመስላታል። አልገባኝም የሚለውን በቋንቋቸው አላውቀውም። ‹ዊ› ስላት ትስቃለች፣ ስትስቅ ደስ ይለኛል። አሁን ሳስበው ግን ልጅቷን ስዋሻት ነው የከረምኩት። አያት ሆኜ መጀመሪያ የሰጠኋት ነገር ውሸት ነው።»

ሰብሳቢው ይህ ስሜት እንጂ መልስ ስላልሆነ በቃለ ጉባኤ እንዳይገባ አዘዋል። ጸሐፊዋ ትእዛዙን መዝግባለች፤ ስሜቱንም መዝግባለች።

ከረዥም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል። «ዊ» የሚለው ቃል ከዛሬ ጀምሮ ከእትዬ ተነሥቶ በነርሷ እጅ እንዲቀመጥና፣ ሲያስፈልግም በነርሷ በኩል ብቻ ወጪ እንዲደረግ። አራት ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ፣ አንድ ድምፀ ተዓቅቦ። ድምፀ ተዓቅቦው የጸሐፊዋ ነው። እትዬ እህቷ ናቸው፣ የምትኖረው ደግሞ በሰብሳቢው ቤት ነው።

አጀንዳ ሦስት፦ ፈረንሳይኛ በአስቸኳይ ስለሚታወቅበት መንገድ

ሀ. ክላክስ ያቀረበው ሐሳብ። ክላክስ ምንም መማር እንደማያስፈልግ ገልጿል። ምክንያቱም ግማሹን ፈረንሳይኛ ከወዲሁ ስለምናውቀው ነው። ሾፌር፣ ጋራዥ፣ ቢሮ፣ ቡፌ፣ ሁሉም የእነሱ ቃል ነው፤ የእሱ ቅጽል ስም ሳይቀር ከእነሱ የመጣ ነው። «ሳላውቀው ስናገረው ነው የኖርኩት» ብሏል። ሰብሳቢው በእነዚህ ቃላት አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲሠራ ጠየቁት። ክላክስ እጁን እያወናጨፈ አራቱንም በተርታ ጠርቷቸዋል። መምህሩ ይህ የአንድ ሰው የቀን ውሎ እንጂ ዓረፍተ ነገር አለመሆኑን ተናግሯል። ክላክስ «አነጋገሩ ላይ ነው ዋናው» ብሎ እንደገና ሞክሮ፣ የጎረቤት በር ሲከፈት ተሰምቷል።

ለ. መምህሩ ያቀረበው ሐሳብ። መምህሩ ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ስለሆነ ከግስ መጀመር አለበት ብሎ፣ ባለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ያሰመረውን ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። ሰንጠረዡ ትልቅ ወረቀት ሙሉ ሲሆን የያዘው አንድ ግስ ብቻ ነው፤ እሱም «መሆን» የሚለው ነው። ነርሷ «መብላት» ላይ መቼ እንደምንደርስ ጠይቃ፣ መምህሩ በአካፋይና በተካፋይ አስልቶ ከጉዞ በተመለስን በሁለተኛው ወር ላይ መሆኑን አስታውቋል። ክላክስ ለመሆን ብቻ ይህን ያህል የሚቸገሩ ከሆነ የሰዎቹ ኑሮ እንዳሳዘነው ገልጿል። ሰንጠረዡ በስብሰባው መሐል ከግድግዳው ተገንጥሎ ሰብሳቢው ላይ ወድቋል። ጉዳት አልደረሰም።

ሐ. ነርሷ ያቀረበችው ሐሳብ። ነርሷ የቤት ዕቃ ሁሉ ላይ የፈረንሳይኛ ስሙን ጽፎ መለጠፍ እንደሚሻል ጠቅሳ፣ እንደሚታወቀው ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ቤቱን ሙሉ በወረቀት ማልበሷን አስታውሳለች። ውጤቱ ተገምግሟል። እትዬ ዘንድ ቀሚስ ልትለካ የመጣች አንዲት ደንበኛ በሩን ተደግፋ ቆማ ስለነበር፣ «በር» የሚለው ጽሑፍ ጀርባዋ ላይ ተለጥፎባት ቢሮዋ ድረስ ሄዳለች። ቢሮዋ ውስጥ ቋንቋውን የሚያነብ አንድ ሰው ተገኝቶ፣ በተገናኙ ቁጥር ያንኳኳት ጀመር። ደንበኛዋ ማግስቱን መጥታ የተናገረችውን ጸሐፊዋ ለሥርዓት ስትል አታሰፍርም። ሰብሳቢው በበኩላቸው በጽሑፉ መሠረት የቤቱን ዕቃ ሁሉ እንደለዩ ገልጸው፣ እዚያ አገር ወንበሮቹ ላይ ጽሑፍ ይኖራል ወይ ሲሉ ጠይቀዋል። ነርሷ እንደማይኖር አስረድታለች። ሰብሳቢው አዝነዋል።

መ. ሰብሳቢው ያቀረቡት ሐሳብ። ሰብሳቢው ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ ተነሥተው ቆሙ። የሦስቱም ስሕተት አንድ ነው አሉ፤ ፈረንሳይኛን የሚያህል ነገር ለአንድ ሰው ማሸከማቸው ነው። በመጋዘን ዕቃ የሚጠይቅ ሌላ፣ ወጪ የሚያደርግ ሌላ፣ የሚረከብ ሌላ ነው። አንድ ሰው ሁለት ቁልፍ አይዝም። በዚህ አሠራር በእሳቸው ዘመን አንዲት ፋሻ እንኳ ሳትጠፋ ጡረታ ወጥተዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለውም ጨምረዋል። ጸሐፊዋ ተረት በየትኛው አጀንዳ ሥር እንደሚታይ ልታስታውሳቸው አስባ ትታዋለች።

ስለዚህ ፈረንሳይኛ ለስድስት ይከፈል፣ እያንዳንዱ አባል የድርሻውን ብቻ ይማር፣ ስንሄድም አብረን እንሂድ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። መምህሩ ቋንቋ ለስድስት ሲካፈል ቀሪ ይኖረዋል ብሎ ተቃወመ። ሰብሳቢው ቀሪው ለጸሐፊዋ እንዲሰጥ አዘዋል። ክፍፍሉ የሚከተለው ነው።

ሰላምታና ስንብት፦ ሰብሳቢው።

ጥያቄ፦ ክላክስ። በሾፌርነት ዘመኑ መንገድ ጠይቆ እንደማያውቅ ቢያመለክትም ተቀባይነት አላገኘም።

መልስ፦ ነርሷ፣ «ዊ»ም በእጇ ስላለ።

ቁጥር፦ መምህሩ።

ይቅርታ፣ ምስጋና እና ቀሪው፦ ጸሐፊዋ።

ዝምታና ፈገግታ፦ እትዬ።

በአፈጻጸሙ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጓል። ነርሷ እኔ መጸዳጃ ቤት ብሄድስ ብላ ጠይቃለች። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ያለ መልስ ስለሚቀር፣ ምትክ ሳይመድብ ቦታውን የሚለቅ አባል እንዳይኖር ተወስኗል። ክላክስ ሰዎቹ ጥያቄዬን በጥያቄ ቢመልሱስ ብሏል። ጥያቄ በሙሉ የክላክስ ስለሆነ እሱም የራሱ መሆኑ ተነግሮታል። በመንገድ ላይ ሰብሳቢው ከፊት፣ ክላክስ ቀጥሎ፣ ነርሷ ከክላክስ አጠገብ እንድትሆን፣ ጸሐፊዋ ከኋላ እየተከተለች ይቅርታ እንድትጠይቅ ተስማምተናል። የእትዬ ቦታ አልተጠቀሰም።

እትዬ የእኔ ድርሻ ዝምታ የሆነው ለምንድን ነው ሲሉ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ቅጣት እንዳይመስላቸው፣ ዝም አይነቅዝም ማለታቸው እንደሆነ በለዘበ አንደበት አስረዷቸው። እትዬም «አይነቅዝ ይሆናል፤ ልጅ ግን አያጫውትም» አሉ። ይህን ያሉት ለሰብሳቢው ሳይሆን ለክር ነበር፤ ክሩን መርፌው ውስጥ ለማስገባት ሲሞክሩ አልገባ ብሏቸው ነበርና። ጸሐፊዋ ክሩን ተቀብላ አስገብታላቸዋለች።

ክፍፍሉ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል። ወዲያው የስፌት መኪናው ከወትሮው ፍጥነት በላይ መሥራት ስለጀመረ፣ ሰብሳቢው የሚቀጥለውን አጀንዳ ሦስት ጊዜ ለማንበብ ተገደዋል።

አጀንዳ አራት፦ ማረፊያን በተመለከተ

የወንድ ልጃቸው ቤት ጠባብ በመሆኑ፣ ስድስት ሰው ሰተት ብሎ ገብቶ የሰው ኑሮ ማጨናነቅ ነውር ነው በማለት፣ ሰብሳቢው ሁላችንም በእንግዳ ማረፊያ እንድናድር ሐሳብ አቅርበዋል። እትዬ እናንተ ማረፊያው እደሩ፣ እኔ ልጅቷ ጋ ልሁን ሲሉ ለምነዋል። «ለምነዋል» የሚለው ቃል የጸሐፊዋ ነው፤ ሰብሳቢው «ጠይቀዋል» ቢባል ይመርጡ ነበር።

ሰብሳቢው ጉዳዩ አሁን በጸደቀው ክፍፍል መሠረት መታየት እንዳለበት ገለጹ። እትዬ የያዙት ዝምታ ብቻ ነው። መልሱ ነርሷ ዘንድ፣ ይቅርታው ጸሐፊዋ ዘንድ ሆኖ፣ ዝምታ ብቻውን ሰው ቤት ቢያድር ሌላ ያልታወቀ ቃል እንዳይገባ ማን ዋስ ይሆናል? ስለዚህ ስድስቱም አባላት በእንግዳ ማረፊያ እንዲያድሩ፣ ልጅቷንም ቀን ቀን በኅብረት እንዲጎበኙ ተወስኗል። እትዬ ለድጋፍም ለተቃውሞም እጃቸውን አላወጡም። ሁለቱም እጃቸው ጨርቁ ላይ ነበር።

አጀንዳ አምስት፦ ልዩ ልዩ

በዚህ መሐል ልጅቷ የምትደውልበት ሰዓት ደርሶ ስልኩ ጠራ። ሰብሳቢው ይህ ለክፍፍሉ ጥሩ ሙከራ ነው ብለው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በስኳር ዕቃው አስደግፈው አቆሙት። አባላቱ በተራቸው ቆሙ። እትዬ ስፒሎቻቸውን ከንፈራቸው መሐል ነክሰው ከመኪናቸው ኋላ ቀሩ። ልማዳቸው ነው፤ ጸሐፊዋ ግን ዛሬ አፋቸውን ለመጠበቅ የነከሱት መስሏታል።

ልጅቷ በስልኩ መስታወት ላይ ታየች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ሰብሳቢው በድርሻቸው ሰላምታውን በሚገባ አቅርበው፣ ጨርሻለሁ ብለው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈጉ። ልጅቷ አንድ ነገር ጠየቀች። መልስ የነርሷ ስለሆነ ሁላችንም ወደ ነርሷ ዞርን። ነርሷ ጥያቄው ስላልገባት፣ «ዊ»ን ወጪ ላድርግ ወይስ አላድርግ ብላ ሰብሳቢውን በዓይኗ ጠየቀች። ሰብሳቢው ያልታየ ዕቃ አይፈረምበትም ብለው በጣታቸው ከለከሏት። ይሄኔ ክላክስ የድርሻውን ለመወጣት፣ ያጠናት ጥያቄ አንዲት ስለነበረች፣ አውቶቡስ ጣቢያው በየት በኩል እንደሆነ በታላቅ ድምፅ ጠየቃት። ልጅቷ ስልኩን ከፊቷ አራቀች። መምህሩ ሥራ ፈቶ ላለመቆም ከአንድ እስከ አሥር ቆጠረ። ጸሐፊዋ ይቅርታ ጠየቀች። ይህ ድርሻዋ ቢሆንም ያን ጊዜ ከልቧም ነበር።

ልጅቷ አንድ በአንድ አየችን። ሳቋ ጠፋ። ከኋላችን ሰው እንደምትፈልግ አንገቷን ወዲህና ወዲያ አለች። ከዚያ ስልኩን ይዛ አልጋዋ ሥር ገባች፤ የሚታየን ጨለማ ብቻ ሆነ። ሰብሳቢው ሙከራው መጠነኛ መስተካከል እንደሚያስፈልገው ሊናገሩ ሲሉ፣ ከጨለማው ውስጥ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ። አማርኛ ነበር። ቃሉን አንድ በአንድ እየረገጠች እንዲህ አለች፦

«አያቴ፣ እኔ ጋ ትተኛለሽ?»

ሰብሳቢው ከሁሉ ቀድመው ሥርዓቱን አስታወሱና፣ ጥያቄ ስለቀረበ መልስ ይሰጥ ብለው ወደ ነርሷ አመለከቱ። ነርሷ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። «አባዬ፣ እኔን አይደለም የጠየቀችው» አለች።

እትዬ ተነሥተው መጡ። ስፒሎቹን ከአፋቸው አንድ በአንድ እያወጡ የያዙት ቀሚስ ላይ ሰኩ። መንገድ የለቀቀላቸው መጀመሪያ ክላክስ ነው። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ላይ አንሥተው ፊታቸው አጠገብ አደረጉና፦

«ዊ» አሉ።

ስልኩ ውስጥ ከባድ ግርግር ተሰማ። ልጅቷ ከአልጋው ሥር ስትወጣ ጭንቅላቷን ተመታች፣ አላለቀሰችም። ጥቂት ቆይቶ አባቷ እየሳቀ ስልኩን ተቀብሎ ነገሩን አስረዳ። ልጅቷ ባለፈው ሳምንት የጠየቀችው ይህንኑ ነው። «ዊ» ተብላ ስትደሰት ከርማ፣ አያቴ ገብቷት ይሆን የሚል ጥርጣሬ ስለያዛት፣ በእሷ ቋንቋ እንዴት እንደሚባል አባቷን ጠየቀችው። ምስጢሩንም ያወቀው ያን ጊዜ ነው። እግረ መንገዱን ለቤቱ አማርኛ ማስተማር ጀምሯል። ቋንቋው ለአንድ ሰው ስለሚከብድ ግን አከፋፍሎታል። ጥያቄው የልጅቷ፣ መልሱ የሚስቱ ነው፤ ሚስቱ ደግሞ አሁን ሥራ ላይ ናት።

ጸሐፊዋ ሰብሳቢውን አየቻቸው። ሰብሳቢው ጣሪያውን አዩ። ክላክስ ያለ ፈቃድ «ቁርጥ አባቱን!» ብሏል።

ልጁ ሊሰናበት ሲል አንድ ነገር ጨመረ፦ «እማዬ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ነው የምትተኛው። አሁን ደግሞ ግማሹ የአያቴ ነው ብላ እኔንም አታስጠጋኝም።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ። ከዚያም አሁን የተሰጠው መልስ ከአጀንዳ ሁለት፣ ከአጀንዳ ሦስትና ከአጀንዳ አራት ውሳኔ ጋር በአንድ ጊዜ የሚጋጭ መሆኑን በትክክል ጠቁመዋል። መልሱ ይሻር ወይስ ውሳኔዎቹ ይሻሩ የሚለውን ለድምፅ ላቅርብ ወይ ብለው ጠየቁ። መልስ የያዘችው ነርሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በጋዋኗ እጅጌ ዓይኗን ትጠርግ ነበር። ሰብሳቢው «እንግዲህ የተፈረመበት ዕቃ ነው፤ መግባት አለበት» አሉ። ድምፃቸው በመጋዘን የሚናገሩበት ዓይነት አልነበረም።

የማጠቃለያ ውሳኔ

በሰብሳቢው ሐሳብ አቅራቢነትና በክላክስ ደጋፊነት፣ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። በዚህም መሠረት፦ «ዊ» ለእትዬ ተመልሷል። ፈረንሳይኛ ሳይከፋፈል እንደነበረ እንዲቆይ፣ የቻለ የቻለውን ያህል እንዲማር፣ ያልቻለ እንዲስቅ ተፈቅዷል። ዝምታ ለማንም አልተመደበም። የእንግዳ ማረፊያው ውሳኔ ቀርቶ እትዬ ልጅቷ ጋ፣ ከአልጋው በተተወላቸው ግማሽ ላይ ያድራሉ። የቀሩት አምስት አባላት የት እንደሚያድሩ አልተወሰነም፤ የጠየቀም የለም። ክላክስ «ሁሉ» ማለት አጀንዳ አንድንም ይጨምራል ብሎ በመጮኹ፣ የመስኮቱ ወንበር ውሳኔም አብሮ ተሽሯል። ሰብሳቢው ይህን የተረዱት ድምፅ ከሰጡ በኋላ ነው።

ሌላ የቀረበ ጉዳይ ስላልነበረ ጉባኤው አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ተዘግቷል።

አባላቱ ወንበር መመለስ ሲጀምሩ እትዬ ወደ ጸሐፊዋ ጎንበስ ብለው፣ «ቅድም ውሸት ነው ያልኩትን ጽፈሽው የለ?» አሏት። ጸሐፊዋ ጽፌዋለሁ አለች። እትዬም «ውሸት እንዳልነበረ ጻፊልኝ» አሉ።

ይህ የተነገረው ጉባኤው ከተዘጋ በኋላ ነው።

ተመዝግቧል።